በማይክ የሚነገር ባል

አማትየዋ ከዚያን ቀን በፊት አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፤ አሳፋሪ ነገር የሚሠራበት ቦታ መሆኑን ግን ካወቁ ወራት አልፈዋል። የነገረቻቸው ጎረቤት ናት። ልጃቸው በተቀበረ በሦስተኛው ወር ያቺ ጎረቤት ምራታቸው በአስተናጋጅነት በምትሠራበት አውሮፕላን ተጉዛ ተመልሳ፣ «ምራትዎ እኮ በሳቅ ገደለችን፤ ማይኩን ይዛ ስትቀልድ ያልሳቀ ሰው የለም» አለቻቸው፤ ደስ የምታሰኛቸው መስሏት። አማትየዋ በሩን ዘግተው ወንበር ላይ ተቀመጡና ለብቻቸው፣ «የሞተ ተጎዳ» አሉ። ምን ብላ እንደምትቀልድ አልጠየቁም። ሰው አየር ላይ ተንጠልጥሎ መሳቁ ፈጣሪን መተናኮል ነው፤ ባሏን አፈር ያለበሰች ሴት ስታስቀው ደግሞ ስሙንም አያውቁለትም።

ቂማቸው ግን ከዚያም ይብሳል። ልጃቸው ልቡን ታሞ በተኛ ጊዜ ሊያስታምሙት ቤቱ ገብተው ነበር። ትንሽ ሻል ሲለው ሚስቱን «ሂጂ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ሥራዋ ላካት። እሷም የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። በዚያው ጠዋት ሞተ። ዓይኑን የከደኑት እናቱ ናቸው፤ ሚስቱ ደመና ላይ ነበረች። ያረፈችውም የሰማችውም እኩል ነው።

ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ ሴቶች እዚያው ቤት አብረው ቀሩ፤ ቀሩ ከተባለ። በአንድ ወጥ ቤት ይገባሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ፣ ስለ ዱቄትና ስለ ሳሙና ይነጋገራሉ። የሟቹን ስም ግን አንዳቸውም አያነሱም፤ ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። የኮሪደሩ አምፖል እንኳ ከተቃጠለ ወራት ሆኖት የቀየረው የለም፤ ግድግዳውን እየዳበሱ ይተላለፋሉ። በመጨረሻ አማትየዋ፣ «ሴት ልጄ ጋ እሄዳለሁ፤ እዚያው እኖራለሁ» አሉ። ምራታቸው ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠውን ትኬት አወጣችላቸው፣ ተራዋንም ከባልደረባዋ ጋር ተቀያየረችና በዚያው በረራ ላይ ራሷ ተመደበች። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ነው። እሳቸው ግን ልትሸኛቸው ሳይሆን መሄዳቸውን ልታረጋግጥ የፈለገች መሰላቸው።

ታክሲ ውስጥ ከአንድ ነገር በቀር አልተናገሩም።

«እኔ ባለሁበት እንዳትቀልጂ።»

«አልቀልድም፣ እማዬ» አለች።

በዊልቸር ከሰው ሁሉ ቀድመው ገቡ። ምራታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱ ጋ አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችላቸው። ፊቷ ፊታቸው አጠገብ ደረሰ፤ ይህን ያህል ከተቀራረቡ ቆይተዋል። ከስታለች። አማትየዋ ይህን አይተው እንዳላዩ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ሰውዬ የጎማ ነጋዴ ነበር፤ ወንበሩን ሞልቶ የሚተርፍ፣ ገና ሳይነሱ በመሐረብ ግንባሩን የሚጠርግ። ምራትየዋን ሲያያት ፊቱ በራ።

«እንዴት ነሽ እህቴ፤ ዛሬስ ምን ይዘሽልናል?»

ፈገግ ብላ አለፈችው። ጥርስ ባዳ ነው።

በሮቹ ተዘጉ። ማይኩን አነሳች፤ ባልደረባዋ መተላለፊያው ላይ ቆማ በእጇ እያሳየች፣ እሷ የደህንነት መመሪያውን ካርድ ማንበብ ጀመረች። ቀበቶ እንዲህ ይታሰራል፣ ጭምብል እንዲህ ይጠለቃል፣ መውጫዎቹ ስድስት ናቸው። ድምፅዋ የስልክ መልእክት ይመስል ነበር። ካርዱን መልሳ ስታስቀምጥ ከኋላ አንድ ሰው «በቃ?» አለ፤ ሌላው ሳቀ።

«ምን ነካት ዛሬ?» አለ ነጋዴው። «ከባሏ ጋር ተጣልታ መሆን አለበት።»

አማትየዋ ደነገጡ። «ባሏን ታውቀዋለህ?»

«በአካል እንኳ አላውቀውም። ግን በዚህ መስመር የሚመላለስ ሰው ሆኖ እሱን የማያውቅ የለም። ቀልዷ እኮ ሁሉ ስለ ባሏ ነው።»

በቁሙ ሳይሆን በመቃብሩ ልጄን የመንገደኛ መሳቂያ አደረገችው ብለው እጃቸውን ጨበጡ። «ሥራ መስሎኝ ነበር እዚህ የሚሠራው» አሉ። «የሰው ነፍስ ይዞ ቧልት ምንድነው?»

«እማማ፣ አይፍረዱባት። እኔ በየሳምንቱ እየበረርኩ በየሳምንቱ ነው የምፈራው። ያ ካርድ ሲነበብልኝ ጆሮዬ ይዘጋል፤ አንድም አልሰማ። እሷ ግን ምን ትላለች መሰልዎት? "ይህ አውሮፕላን ስድስት መውጫ አለው" ትልና ትንሽ ዝም ትላለች። ከዚያ፣ "ባለቤቴ አንድ በር ብቻ ካለው ቤታችን ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ቁልፉ ያለው እጁ ላይ ነው። የሱ ብጤ መንገደኛ ካለ በሩን ከአሁኑ ለይቶ ይወቅ።" ይኸው ዛሬ ተኝቼ ቢቀሰቅሱኝ በሮቹ የት የት እንዳሉ እነግርዎታለሁ።»

አማትየዋ ሊቆጡት አስበው ነበር። ቁልፉ እጁ ላይ ነው ሲል ግን ልጃቸው መጣባቸው፤ ትንሽ ሆኖ አንዱን ጫማ በእጁ ይዞ ያንኑ ጫማ አልጋ ስር ሲፈልግ። ሳያስቡት ከአፍንጫቸው ትንፋሽ ወጣ። ሳቅ መሆኑን ያወቁት ከወጣ በኋላ ነው።

ነጋዴው ተበረታታ። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀምሮ ስለነበር፣ የወንበሩን እጀታ ጨምድዶ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ። «ደግሞ ከፍታ ይፈራል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነጻ ትኬት እያለው አንድ ቀን አልበረረም። "ትናንት ማታ" አለች፣ "አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጣ። ራሱ ዞረበት። እኔ እግሩን ይዤ፣ ክቡር መንገደኛችን፣ አሁን መውረድ ጀምረናል፣ እባክዎ ይረጋጉ፣ እያልኩ ነው ያወረድኩት።" ሰርግ ቤት መሰለ እኮ አውሮፕላኑ።»

«መቼ ነው እንዲህ ያለችው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

አማትየዋ ከመስኮቱ ወዲያ አዩ። መሬቱ ርቆ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያቺ ሴት በዚያ ጨለማ ኮሪደር ግድግዳ እየዳበሰች ወደ ክፍሏ ስትገባ ሰምተዋታል። በማግስቱ እዚህ መጥታ አምፖል ሲቀየር እግር ይዤ ነበር ብላ አወራች።

«ምነው እማማ፣ ያውቁታል እንዴ?»

«ልጄ ነው» አሉ።

ነጋዴው ፍርሃቱን ረስቶ ወደ ኋላ ዞረ። «ሰዎች፣ የባልየው እናት እዚህ ናቸው!» ከኋላ ሁለት ራሶች በወንበሮቹ አናት ብቅ አሉ፤ ከማዶ አንዲት ሴትዮ ጋዜጣዋን አጠፈች። እውነት ቁልፉን እጁ ላይ ይዞ ይፈልጋል ወይ? እውነት ሆዱን አስገብቶ ነው ቀበቶ የሚያስረው? ሁሉም የሚጠይቁት ስለሚወዱት ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው።

«ሞቷል» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እነዚያ ሁሉ ፊቶች ደስ ብሏቸው ይጠብቃሉ። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው። ልጅ ሳለ ኳስ ላምጣ ብሎ የቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ መውረድ እንዳቃተው፣ አባቱ መሰላል ሲያቆምለት «መሰላሉም ከፍ ያለ ነው» ብሎ እምቢ እንዳለ፣ በመጨረሻ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ዕቃ እንዳወረዱት ነገሯቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ሌላም ጠየቁ፤ ሌላም ነገሩ። ከቀብሩ ወዲህ ስለሱ ይህን ያህል ያወሩበት ቀን የለም። ከዚያ ጋዜጣ ያጠፈችው ሴትዮ፣ «ታዲያ ዛሬ ለምን አብሮዎት አልመጣም?» አለች።

«ሊሸኘኝ ደጅ ድረስ ወጥቶ ነበር» አሉ አማትየዋ። «ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ ዞረበትና ተመልሶ ተኛ።»

ሁለቱ ረድፍ በአንድ ላይ ሳቀ። ነጋዴው ዓይኑን ጠረገ። እሳቸውም ከነሱ ጋር ሳቁ፤ በዚያ ሳቅ መሐል ልጃቸው ነበር፣ ደህና ሆኖ፣ እቤቱ ተኝቶ። ቀና ሲሉ ምራታቸውን አዩ። የመጠጥ ጋሪውን ይዛ ሁለት ረድፍ ወዲያ ቆማለች፤ የምትቀዳው ጭማቂ ከብርጭቆው ሞልቶ በእጇ ላይ ይፈስሳል። ሁሉንም ሰምታለች። ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ እጇን በወረቀት ጠረገች፣ ለባልደረባዋ አንድ ነገር ብላ ከመጋረጃው ኋላ ገባች። ብዙ ቆየች።

የቀረውን መንገድ አማትየዋ የተኙ መስለው ነው የሄዱት። የሚያስቡት ያቺን ጠዋት ነበር። ለማንም ያልነገሩት ነገር አላቸው። ልጃቸው ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አይቶ፣ «አሁን ማይኩን ይዛለች። ዛሬስ ምን እያለችኝ ይሆን?» ብሎ ነበር። የሚያወራው አልገባቸውም። የገባቸው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ እጁን ይዘውት እያሉ እሱ ያነሳው ሚስቱን ነው። ቀኑ፤ ቀንተውም ቃሉን ከሷ ደበቁት። ባሏ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበረ ሳታውቅ ይህን ሁሉ ወር ስትወጣና ስትገባ እያዩ ዝም አሉ። ስለ ምን ያወራ እንደነበር የገባቸው አሁን ነው።

ማረፊያው ሲቃረብ ማይኩ እንደገና ተከፈተ። ምራትየዋ ወንበራችሁን አቃኑ ብላ መሐል ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ፤ የቀረውን ባልደረባዋ ጨረሰችው። «ጉንፋን ነው ለካ የያዛት» አለ ነጋዴው። ሲወርድ የአማትየዋን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ሳላየው እንደምወደው ይንገሩልኝ» አለ።

«እነግረዋለሁ» አሉት።

ዊልቸር የሚጠብቅ ሰው መጨረሻ ነው የሚወርደው። መንገደኛው ሁሉ ካለቀ በኋላ ዊልቸር ገፊው፣ ፀጉሩ የሸበተ ጎልማሳ፣ ወንበሩን በሩ ላይ አቁሞ አስቀመጣቸውና ቀበቶ አሰረላቸው። ምራትየዋ በሩ ጋ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ እማዬ» አለች። «አልቀለድኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን?»

«እንዲህ አድርገሽ እንደምታነሺው። ቤት ውስጥ ስሙ እንኳ ካፍሽ ወጥቶ አያውቅም።»

«ያምዎታል ብዬ ነው።» ወደ መጋረጃው አየች። «እዚህ ላይ አይሞትም፣ እማዬ። ያን ቀንም እስካርፍ ድረስ ለኔ አልሞተም ነበር። ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ያለ ይመስለኛል። የሚሞተው ስናርፍ ነው። ሁልጊዜ ስናርፍ ይሞትብኛል።»

«ታዲያ ለባዳ ሁሉ ስታድይው ለኔ ነፈግሽኝ? እኔ ጋ የቀረችው ያቺ ጠዋት ብቻ ናት። ብተኛም እሷ ናት፣ ብነሳም እሷው ናት።»

«ያቺን ጠዋትስ መቼ ሰጡኝ?» አለች ምራትየዋ፣ ቀስ ብላ። «አንድ ቀን ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። መጠየቅ ፈራሁ።»

ይህን ሊክዱት አልቻሉም። ዊልቸር ገፊው ጫማውን ያያል። አማትየዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀበቶው ይዟቸው መነሳት ስላልቻሉ የደረሱት እጅጌዋ ላይ ብቻ ነው።

«ሰዓቱን አየ» አሉ። «"አሁን ማይኩን ይዛለች" አለ። "ዛሬስ ምን እያለችኝ ይሆን?" አለኝ። ከዚያ ሳቀ።»

ምራትየዋ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«ሳቀ?»

«ሳቀ። እኔ ነኝ ያልገባኝ። አንቺን ስላነሳ ተናድጄ ደበቅኩሽ። ሌላ ቃል አልተናገረም።»

ምራትየዋ ከዊልቸሩ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፣ ግንባሯንም ጉልበታቸው ላይ ደፋች። አብረው አልቅሰው አያውቁም ነበር፤ በቀብሩም ቀን ለየብቻ ነው ያለቀሱት። የጽዳት ሠራተኞቹ በኋላ በር ገብተው ከመቀመጫ ኪሶች ወረቀት ይሰበስባሉ።

«ስለ ቁልፉ ነበር» አለች ጉልበታቸው ላይ እንደተደፋች። «ያን ቀን ያልኳቸው ስለ ቁልፉ ነው።»

አማትየዋ ፀጉሯን ዳሰሱት። ከበሩ ወዲያ ሴት ልጃቸው ትጠብቃለች፤ አልጋቸው ተነጥፏል፤ ዕቃቸው ቀድሞ ሄዷል። ወደዚያ ቤት የሚመልሳቸው መንገድ የለም፤ ብትለምናቸውም የሚችሉት አልመሰላቸውም። እሷም አልለመነቻቸውም።

«ደግመው ይንገሩኝ» አለች።

ደግመው ነገሯት፤ ሰዓቱን እንዴት ቀና ብሎ እንዳየ፣ ትራሱን እንዴት እንዳስተካከሉለት፣ ሳቁ የትኛው ጉንጩ ላይ እንደታየ። ሲጨርሱ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እንደገና እንደምትፈልግ ገባቸው። ለሦስተኛ ጊዜ «ሰዓቱን አየ» ብለው ሲጀምሩ ዊልቸር ገፊው አቋረጣቸው፤ ቀጣዮቹ መንገደኞች መሰለፍ ጀምረዋል።