ሞተሩ አፉን እስኪፈታ

አባቴ ሞተር ሲያሞቅ ማንም አያናግረውም። ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ በብርድ ጠዋት የናፍጣ ሞተር እንዳስነሳ ወዲያው የሚፈተለክ ሹፌር ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። እሱ ያስነሳና ከጋቢናው ይወርዳል፤ ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ሞተሩ መጀመሪያ ያንኳኳል፣ ይንተባተባል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። ከዚያ ድምፁ ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ያኔ አባቴ "አፉን ፈታ" ይላል፣ ልክ ስለ ልጅ እንደሚወራው። ይህን ሳይል ጎማው አይንቀሳቀስም።

እኔ የግቢው መካኒክ ነኝ። ጠዋት ጠዋት መኪናውም ሹፌሩም ለመንገድ ደህና መሆናቸውን አይቼ የምፈርመው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ብርዱ ከገባ ወዲህ የአባቴን መኪና ሞተሪኖ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ሞተሩን የሚያስነሳው ይኸው ዕቃ በፈታሁት ቁጥር ጥርሱ ተበልቶ አገኘዋለሁ። ጥፋቱን በመለዋወጫ ሻጩ ላይ ጣልኩ። ሱቁ ድረስ ሄጄ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት። "እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?" አለኝ ምስኪኑ። በሩን አላትሜበት ወጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ከወትሮው ቀድሜ ገባሁ። የመኪኖቹ መስተዋት በረዶ ጋግሯል። አባቴ ጋቢና ውስጥ ነው። ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ሳለና ተነሳ። አባቴ ትንሽ ጠበቀና ቁልፉን እንደገና አዞረው።

በሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ ሲዞር የሚወጣው ድምፅ የሞተሪኖው ጥርስ ብረት ሲያኝክ የሚሰማው ነው፤ የሰማ ሰው የራሱን ጥርስ ያመዋል። ዘበኛው የያዘውን ሻይ ደረቱ ላይ ደፋው። ከግቢው ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ዞረው አዩ። አባቴ ግን ዓይኑ እንኳን አልተርገበገበም።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ስንት ጠዋት ኮፈኑ ሥር ተደፍቼ "ይሄ ግትር ሽማግሌ" እያልኩ ሳጉረመርም እሱ አጠገቤ ቆሞ ፈገግ ይላል። ሆደ ሰፊ ነው ስል ከርሜ፣ ለካ አይሰማኝም ነበር።

ጋቢናው ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባዬ፣ ሞተሩ እኮ ተነስቷል" አልኩ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ። አልሰማኝም፤ ቁልፉን እንደያዘ ነው። እጁን ከቁልፉ ላይ አንስቼ መሪው ላይ አሳረፍኩት። የመሪው ንዝረት መዳፉ ላይ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት፣ አሁን ወደ እሱ ዞሬ።

"ግራው ከቆየ። ቀኙ ዘንድሮ ነው" አለ ከንፈሬን እያየ።

"እኔ ልጅህ አይደለሁም? እንዴት አትነግረኝም?" ጮህኩበት። መጮኼ ለማን እንደሆነ እንጃ።

"የምትፈርሚው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ብነግርሽ ለእኔ ብለሽ ትዋሻለሽ ብዬ ፈራሁ።"

እውነቱን ነው፤ እዋሽ ነበር። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆየሁ። አሥራ ስምንት ቶን ጭኖ፣ ከኋላው የሚነፋለትን ጥሩምባ ሳይሰማ ቁልቁለት ሲወርድ ታየኝ። መፈረም አቃተኝ፤ እንባዬ መጣ። እሱ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ስምሪት ክፍል ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺ እዚህ ውስጥ እጅሽን አታስገቢ" ብሎኝ ወረደ።

ሰኞ መኪናው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ቁልፍ አዙሮ መብረር ይወዳል። "ይሄ መኪና ሳይሞቅ አይወጣም" ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩትና ራሴ አስነሳሁት። ቀና ስል አባቴ ካፖርቱን ለብሶ ኮፈኑ አጠገብ ቆሟል። እጆቹን ኪሱ ከቷል። አንገቱን ዘንበል አላደረገም፤ የሚያየው እኔን ነው።

ሞተሩ አንኳኳ፣ ተንተባተበ፣ ጭሱን ተፋ፣ ከዚያ ለሰለሰ። አዲሱ ሹፌር ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

"አፉን ፈታ?" አለኝ አባቴ።

ከፈታ ቆይቷል። በመስኮቱ ብቅ አልኩና ከንፈሬን በደንብ እያሳየሁት፣ "ገና ነው፣ አባዬ" አልኩት።