ሥራ አስኪያጁን የሚጠብቅ ሊፍት

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ሰማያዊዋ ከረባት ከረጅም ዕረፍት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ወደ መደበኛ ሥራዋ መመለሷን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። ለሥራ ቃለ መጠይቅ አንገቱ ላይ ያሰራት ሰው ግን የእሷን ያህል እንኳ አልጓጓም ነበር።

አሳሪዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ነበር። እዚያ አለቃው ሳይወጣ ማንም አይወጣም፤ አለቃው ደግሞ ቤቱ መግባት አይወድም። የሒሳብ ሠራተኛው እንቅልፉንና ጨጓራውን እዚያው ጥሎላቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ነርሷ ሚስቱ ናት፤ የራሷን ፈረቃ ጨርሳ የሰው ትደርባለች።

«ደሞዙን ኋላ ትጠይቃለህ» አለችው፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ዓይኗን እየገለጠች እየከደነች። «መጀመሪያ ሰዎቹን እያቸው። እንደዚያኛው ቤት ከሆኑ ጥለሃቸው ና። ሁለተኛ ቁጭ ብለህ ስታነጋ ማየት አልፈልግም።»

«እሺ፣ እመቤቴ።»

«አሹፍ አንተ!»

የመሥሪያ ቤትን ጠባይ የሚያጠናበት ዘዴ ነበረው። ቀድሞ ይደርስና የእንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ሰው ያያል። የዚያን ጠዋትም እንዲሁ አደረገ። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል በትልቁ ተለጥፏል። ከሥሩ ሊፍቱ በሩን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ባዶውን ቆሟል። ቤተሰቡ በሙሉ በአጠገቡ እያለፈ፣ ቦርሳውን ታቅፎ ደረጃውን ይወጣል።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አላት እንግዳ ተቀባይዋን።

«ኧረ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ?»

ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ታች ሆኖ ካልጠበቃቸው ይከፋቸዋል። አንዴ አንድ ልጅ ይዞት ወጥቶ ቆመው ጠበቁ።»

«አባረሩት?»

«እሳቸው? ማንንም አያባርሩም። ‹አንተ እንኳ ጉልበት አለህ› ብለውት ስቀው አለፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁላችንም ጉልበት አለን።»

ቃለ መጠይቁ ሰባተኛ ፎቅ ነው። እሱም በደረጃው ሲወጣ፣ አምስተኛው ላይ አንድ ወፍራም ገንዘብ ያዥ መስኮቱን ተደግፎ ያለከልካል።

«አዲስ ነህ?» አለው። «አረፍ በል። እዚህ ያላረፈ የለም፤ ስብሰባውን ራሱ የምንጨርሰው እዚሁ ነው።»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ውኃ አቀረበችለት፤ የመጣበትን መንገድ ታውቃለች ማለት ነው። «እኛ ዘንድ የሁሉም በር ክፍት ነው» አለችው።

«የሊፍቱም?»

«እሱ ለጤና ነው። ሠራተኞቻችን እንቅስቃሴ ይወዳሉ።» አልሳቀችም። ምናልባት አንድ ጊዜ ስቃ ዋጋዋን አግኝታ ይሆናል። «ወደንዎታል። ሰኞ መጀመር ከቻሉ እስከ ማታ ይደውሉልን።»

መልሱን በደረጃው ሲወርድ አዘጋጀ። ጨዋ እምቢታ ነበር፤ «ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ» የሚልም ነበረበት። እቤት ሲደርስ ሚስቱ እንደ ልብሷ አልጋው ላይ ተጋድማ ተኝታለች። ለማታው ፈረቃ የተተኮሰው ነጭ ጋዋን በሩ ላይ ተሰቅሏል። ጫማዋን ሊያወልቅላት ጎተተ፤ እምቢ አለው። እግሯ አብጦ ነበር። ማሰሪያውን እስከ ታች ፈትቶ ቀስ ብሎ ሲያወጣው፣ የካልሲዋ ጠርዝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠልቆ ገብቶ አየ። አልነቃችም።

ወጥ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ደወለ።

ወደ ማታ ስትነሳ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰዎቹስ?» የሚል ነበር።

«እግራቸው ጠንካራ ነው።»

«ቁም ነገር አውራ። ደህና ቤት ነው?»

«አይደለም።»

«ተመስገን፣ እምቢ አልካቸዋ!»

«ሰኞ እጀምራለሁ።»

ጋዋኗን ከበሩ ልታወርድ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን ነካህ? ምን ተባብለን ነበር? ለምን?»

«አልነግርሽም።»

«እንዴት አትነግረኝም? ሚስትህ እኮ ነኝ!»

«ሚስቴ ነሽ። አልነግርሽም።»