በመስኮት የታየው ሙከራ

መምህርት እንቁ አፍንጮ በር አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ስታስተምር ጸጉሯ ሸብቷል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቿ ሲያሟት «ሚስ ሰበቃ» ይሏታል፤ እንቅስቃሴን እንደሚገታው የፊዚክስ ሰበቃ ማንንም እንደ ልቡ አታሳልፍም ለማለት ነው።

ከሁሉም የምትወደው ጁወይሪያን ነበር፤ አፍ አውጥታ አልተናገረችውም እንጂ። ልጅቷ የፒያሳው ልብስ ሰፊ የአቶ ቡሽራ ልጅ ናት፤ የአባቷ ነገር ሆኖባት ነው መሰል ያልተለካ ነገር አታምንም። አንድ ቀን እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ አንድ ኒውተን በእጅ ሲይዙት ምን ያህል ይከብዳል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንቁ ግን አልሳቀችም።

«ላብራቶሪው ይከፈት እንጂ በእጅሽ ይዘሽ ታዪዋለሽ» አለቻት።

ላብራቶሪው ጣሪያው እያፈሰሰ ተዘግቶ ከርሟል። ጥገናው አልቆ የሚከፈትበት ቀን ሲቃረብ እንቁ ደንቡን ስትነግራቸው ሰነበተች፤ ጸጉር ይታሰር፣ መነጽር ይደረግ፣ እግር የሚሸፍን ጫማ ይደረግ። በዕለቱ ጁወይሪያ በነጠላ ጫማ መጣች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቲቸር፣ ዛሬን ብቻ...»

«ዛሬን ብቻ የሚባል ደንብ የለም። ውጪ!»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ወጥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ጓደኞቿ ደብተሩንም ድንጋዩንም በስፕሪንግ ሚዛን እየሰቀሉ ሲያነቡ አንገቷን አስግጋ ታያለች። እንቁ አይታታለች፤ አይታ ዘወር አለች። መሃል ላይ ከአንዱ ተማሪ እጅ የብረት ክብደት አምልጦ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«አያችሁ? እግር ቢያገኝስ ኖሮ?» አለች፣ ድል እንዳደረገ ሰው። ቀና ስትል መስኮቱ ላይ ማንም የለም።

ተማሪዎቹ ሲወጡ የጁወይሪያ ጓደኛ ፀደንያ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ለጁወይሪያ እኮ የመጨረሻ ቀኗ ነበር። ሰፈራቸው ሊፈርስ ስለሆነ ዛሬ ወደ ገላን ይገባሉ። ጫማዋ ከዕቃው ጋር ተጭኗል። እናቷ ቅሪ እያሏት ለላብራቶሪው ብላ ነው የመጣችው።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

ፀደንያ መሬት መሬት አየች። «መች አስጨረሷት?»

እንቁ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ፒያሳ ሮጠች። የአቶ ቡሽራን ቤት ስታገኘው በሩ ተነቅሏል። ፍራሽ የምትጠቀልል ሸፊቃ የምትባል ጎረቤት፣ «አሁን ሄዱ እኮ! መኪናው ቸርችልን ሳይወርድ አይቀርም» አለቻት። እንቁ እዚያው ቆማ ቀረች። ደንቡስ ትክክል ነበር፤ ብረቱም መስክሮላታል። ግን «ከጓደኛሽ ጫማ ተዋሺ» ማለት ምን ነበረበት? ያቺ ቃል ብቻ እንዴት ጠፋችባት?

ልደውል ልደውል እያለች እፍረቷ አላስደውል አላት። ዛሬ ነገ ስትል ክረምቱ አለፈ። መስከረም ሲጠባ አድራሻቸውን ከፀደንያ ጠይቃ፣ የላብራቶሪውን ሚዛን በቦርሳዋ ይዛ ገላን ድረስ ሄደች። ጁወይሪያ ቁመት ጨምራለች። እንቁ አንዲት መንደሪን ከሚዛኑ ላይ ሰቅላ አስነበበቻት።

«ይኸው፣ አንድ ኒውተን።»

ልጅቷ መንደሪኗን አውልቃ በመዳፏ ያዘቻት። «ይሄ ነው እንዴ? ቀላል ነው» አለች ፈገግ ብላ።

«የአዲሱ ትምህርት ቤትሽ ላብራቶሪ እንዴት ነው?»

«ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ነው። እኔ ማኅበራዊ ሳይንስ መርጬ ተመዘገብኩ።»

እንቁ ውሃ ሆነች። «ጁወይሪያ፣ ያን ቀን በደልኩሽ። በእኔ የተነሳ ነው?»

«ኧረ አይደለም ቲቸር! ደንብ ነው እኮ» አለች ልጅቷ፤ መልሱ ግን ፈጠነ።

አቶ ቡሽራ እስከ ታክሲው ሸኟት። መንገዱን ሙሉ ሲመርቋት ሄዱ። «ጁወይሪያ ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም። ያን ቀንስ በነጠላ ጫማ ሮጣ ሄዳ፣ ስትመለስ ‹ሁሉንም አሳየችን› ብላ እናቷን አስደሰተቻት። አላህ ያክብርልን።»

እንቁ እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» እያለ ይጣራል። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ጨበጠችና ገባች።