ፍሬን የያዘችው መንኮራኩር

መምህር ወልደአረጋይ ሰው ቶሎ አያምንም። ደብረ ብርሃን ላይ ፊዚክስ ባስተማረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት የተኮረጀ የቤት ሥራ ገና ከሩቅ ይሸተው ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ማለት ይወዳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ከፍቶ የጠፈር ክበቡን ጨዋታ ሲያይ ክው አለ። ተማሪዎቹ በዚህ ጨዋታ ሮኬት ሠርተው ያስወነጭፋሉ፣ ምድርን የምትዞር መንኮራኩርም ያበራሉ። ሁለት መንኮራኩሮችን እላይ ማገናኘት ግን ለእሱም ቢሆን ሦስት ሳምንት ሞክሮ ያልተሳካለት ነገር ነው። አሁን ሁለቱ ተያይዘው ይዞራሉ። ከሥራቸው «ሮዳስ፣ እሑድ» ይላል።

እሑድ ክፍሉ ዝግ ነው። ሮዳስ ደግሞ የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት፤ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች፣ ኮምፒውተር የላትም። አስጠራት።

«ማነው የሠራልሽ?»

«እኔው ነኝ ቲቸር።»

«እሑድ በየት ገባሽ?»

አቀርቅራ ዝም አለች። እሱም ሌላ ማስረጃ አላሻውም። በፍላሽ ከሌላ ሰው አምጥታ ነው ብሎ ደመደመና፣ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ አዲስ አበባ ለሚደረገው የጠፈር ክበቦች ውድድር ከታጩት ተማሪዎች ስሟን አሰረዘ።

ሆኖም ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። ከጀርባዋ ያለው ማነው? ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ጠራትና ጨዋታውን ከሀ ከፈተላት። «በይ፣ እዚሁ ፊቴ ሥሪው።»

ሁለቱንም አስወነጨፈች። በአንድ ከፍታ ይዞራሉ፤ አንደኛዋ ግን ርቃ ቀድማለች። ወልደአረጋይ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሞተር ለኩሶ መከተል ነበር ልማዱ። ሮዳስ ግን የኋለኛዋን አፍንጫ ወደመጣችበት አዙራ ሞተሩን ለኮሰች። ፍጥነቷ ቀነሰ።

«ልትደርሺባት ፍሬን ያዝሽ?» አለ። ያዝኩሽ ማለቱ ነበር።

«ከፈጠንኩማ ከፍ እላለሁ። ከፍ ስል ዙሩ ይረዝምና ጭራሽ ወደኋላ እቀራለሁ። ዝቅ ካልኩ ግን ዙሬ ያጥራል፤ እደርስባታለሁ።»

ከፍ ብሎ የሚዞር ነገር ዙሩን ለመጨረስ እንደሚቆይ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነላትም፤ የኋለኛዋ የፊተኛዋን አልፋት ሄደች። ከንፈሯን ነክሳ እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ላይ አንድ ዙር ጨርሳ ፍሬን የያዘችበት ቦታ ስትመለስ ሞተሩን ወደፊት ለኮሰች፣ ከፍታዋን መለሰች፣ ከዚያ እያዘገመች ተጠጋች። ተነካኩ። ተያያዙ።

ይሄኔ በሩ አጠገብ የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛዋ በሰለች መወልወያዋን አቆመች።

«እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምከፍትላት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

«እትዬ፣ ምነው ተናገሩ!» አለች ሮዳስ። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከሥራ እንዳያስወጧቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወልደአረጋይ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጠ። ዝርዝሩ ጠዋት ተልኳል፤ በሮዳስ ቦታ ሌላ ተማሪ ገብቷል። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ስህተቱ የእሱ መሆኑን ደብዳቤ ጻፈ፣ ስለ በሰለችም ርዕሰ መምህሩን ተማጸነ። በሰለች በማስጠንቀቂያ ታለፈች። ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ግን ምዝገባው ተዘግቷል የሚል ነበር።

ለሮዳስ ራሱ ነገራት።

«ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሱን ግን አስቀድመው ይዘውት ነው የመጡት» አለችው። ድምፅዋን አላነሳችም። ደብተሯን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉን እሑድ እሑድ በራሱ ቁልፍ ለክበቡ ተማሪዎች እየከፈተ ይጠብቃት ጀመር። ሁለት እሑድ ቀረች። በሦስተኛው ነጠላዋን እንደለበሰች ገባች፤ በሌሎቹ ተማሪዎች ፊት ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቃት። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀችና፣ ከእሱ ራቅ ያለውን ኮምፒውተር መርጣ ተቀመጠች።