ከኋላ የመታው

«ዩሱፍ ቁልፉን አሁንም ጠየቀኝ» አለች ሃዋኒ፣ ድንኳኑ ጥግ ወደተቀመጡት አጎቷ ወደ ኦቦ ቀጀላ ጎንበስ ብላ።

ኦቦ ቀጀላ የዘገኑትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሱት። «ሦስተኛ ጊዜው እኮ ነው! ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የሟች ጌም ቤት ቁልፍ ምን ያደርግለታል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ!»

ዩሱፍ ከድንኳኑ በር አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወንድሟ ሞሲሳ ቅዳሜ ወደ ጌዶ ሲሄድ ከሞተር ወድቆ ሲሞት፣ በራሱ ሞተር ከኋላ ይከተለው የነበረው እሱ ብቻ ነው። ትራፊኩ ጠጠር አንሸራቶት ነው ብሏል። ሃዋኒም አምና አልቅሳ ነበር፤ ትናንት ከፍራሹ ሥር ደብተሩን እስክታገኝ።

«ዩሱፍ ዛሬም ከኋላ መታኝ። ካልነቃሁበት ይጨርሰኛል። የቀረችኝ አንድ ነፍስ ናት።»

የእጅ ጽሕፈቱ የሞሲሳ ነው። ከመሞቱ አምስት ቀን በፊት የጻፈው። ከዚያ ወዲያ ማንበብ አልቻለችም፤ ደብተሩን ለአጎቷ ሰጠች። እሳቸውም ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተውት፣ ሠልስቱ እንደወጣ ፖሊስ ጣቢያ ሊያደርሱት ቆርጠዋል።

የሚያንገበግባት ሁለቱ አብረው ያደጉ መሆናቸው ነው። በቀደም እንኳ ምሳ ስታደርስላቸው፣ በአንድ ታሽገው እንደገና የወጡ አምስት የድሮ የተኩስ ጌሞችን እየፈተኑ ነበር። ሞሲሳ ሳይፈትን ለደንበኛ አይከፍትም። «አሮጌ ቤት ኖራ ስለተቀባ አዲስ አይሆንም» ይል ነበር። እሷ ደግሞ፣ «አምቦ ተኩስ ጠፍቶባት ነው?» ብላ ተቆጣች።

አሁን ግን ያ ሳቅ ሁሉ ውሸት መሰላት። ተነሳችና ዩሱፍ ፊት ቆመች።

«ና፣ አብረን እንከፍተዋለን። የምትደብቀው ካለ እኔም ልየው።»

ጌም ቤቱ የግቢው አጥር ላይ የተከፈተ አንድ ክፍል ነው። ኦቦ ቀጀላ ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉ። ዩሱፍ በሩ ሲከፈት ሌላ ነገር አልነካም፤ ቴሌቪዥኑን አብርቶ ጌሙን ካቆሙበት አስነሳው። ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ። ሁለት ወታደሮች ምድር ቤት ውስጥ ቆመዋል፤ የፊተኛው ራስ ላይ «ሞሲሳ» የሚል ተጽፏል።

«ያቆምንበትን ማየት ፈልጌ ነው» አለ ዩሱፍ። «ሰኞ እንጨርሰዋለን ብሎኝ ነበር።»

«ይሄንንስ ምን ትለዋለህ?» ኦቦ ቀጀላ ደብተሩን ዘረጉለት።

ዩሱፍ አነበበ። ፈገግ ሊል ዳዳውና እንባው ቀደመው። «እዚህ ውስጥ እኮ ነው የመታሁት፣ ኦቦ ቀጀላ። ጠላት ነው ብዬ ስተኩስ ሁልጊዜ እሱን ነበር የማገኘው። ገጹን ይግለጡት።»

ሃዋኒ ተቀብላ ገለጠችው። «ድምፁ ታድሷል። ጠላቱ ግን እንደ ድሮው ግድግዳ ውስጥ ይቀረቀራል። ለሁለት ሲጫወቱት ያስቃል፤ ለብቻ ይቀዘቅዛል። ከአሥር፦» ለጌሙ ሊሰጠው የነበረው ነጥብ አልተሞላም።

ያን ቀን ስትቆጣው የመለሰላት አሁን ትዝ አላት። «እዚህ ቤት የሞተ ይነሳል፣ እቱ» ነበር ያላት።

ኦቦ ቀጀላ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ጠርጥሬህ ነበር» አለች ሃዋኒ። «ወንድሜን የገደልክ መስሎኝ ነበር፣ ዩሱፍ።»

ስክሪኑ ላይ ሞሲሳ ጀርባውን ለዩሱፍ ሰጥቶ እንደቆመ ነው። ሃዋኒ የወንድሟን ጆይስቲክ ከወንበሩ ላይ አነሳች። ነክታው አታውቅም።

«የቱ ነው የሚያዞረው?»

ዩሱፍ አሳያት። በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ገፋ አደረገችና ሞሲሳን ወደ ጓደኛው አዞረችው።