ስም እስከ አያት

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ያለ አበሻ ሁሉ ሰላይ ነበር፤ ቢያንስ ጎረቤቱ እንዲያ ብሎ ያምናል። ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ሰላይ፣ አብዝቶ የተገኘም ሰላይ። በመጠርጠር ሙያ ግን ዘውዴን የሚደርስበት አልነበረም። ኪልበርን ላይ አውቶቡስ ሲነዳ እንኳ ሁለት ጊዜ በመስታወት ያየውን ተሳፋሪ መልኩን ይይዛል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል። ከደርግ ያመለጠው በዚሁ ጠባዩ ነውና ማን ይፈርድበታል?

በየካቲት አንድ ቅዳሜ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ባለካፌ አልአሚን፣ ካፌው የምትመጣ አንዲት ልጅ ዘውዴ አሜሪካ ስለተማረበት ትምህርት ቤት ልትጠይቀው እንደምትፈልግ ነገረው። ዘውዴ ሻዩን አስቀመጠ። መጀመሪያ የጠረጠረው አልአሚንን ራሱን ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ወሬውን ሳይሰለች ሲሰማው የኖረ ሰው፣ ያለ ምክንያት ነው የሰማው?

ልጅቷ ብፅዓት ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የጥንት ሕንፃዎችን ታሪክ ነው። በሳምንቱ ካፌው መጥታ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ተቀበለችው፣ ደጋግማም "እርስዎ" አለችው። ትሕትናዋንም አልወደደላትም።

ነገሩን አስረዳችው። ኒው ሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ ያለው አካዳሚ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ገበሬዎች እንጨትና ጉልበት አዋጥተው ያቆሙት ሕንፃ ነው፤ በአዘቦት ልጆች ሲማሩበት፣ እሑድ ሲጸለይበት፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ ቁስለኛ ሲተኛበት ኖሯል። አንዴ ጣሪያው ተቃጥሎ የአካባቢው ሰው በአንድ በጋ መልሶ ሠርቶታል። አሁን ታሪኩን በመጽሐፍ ሊያወጡ ነው። የደወሉን ማማ ሲያድሱ ታዲያ አንድ ወፍራም እንጨት ላይ በሰንጢ የተቀረጸ ጽሑፍ አገኙ። የተማሪዎቹ መዝገብ በጎርፍ ስለጠፋ ማን እንደቀረጸው የሚያውቅ የለም። ፎቶውን ለአስተማሪዋ ላኩት፣ አስተማሪዋ ለእሷ ሰጠቻት።

ፎቶው ላይ "ፀ" እና "ዘ" ይታያል፤ ከሥራቸው "፲፱፻፶፱"።

ዘውዴ ያን እንጨት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከጓደኛው ከፀሐዬ ጋር ለአንድ ዓመት በነፃ ትምህርት የሄዱ ጊዜ ነው። ፀሐዬ ደወል የመደወል ተራ ደርሶት ወጣና ቀረጸው፤ ዘውዴ ከታች መሰላሉን ይዞ "ይበቃል፣ ሊያዩን ነው" ይል ነበር። ያኔም ፈሪ ነበር ማለት ነው። ፀሐዬን በሰባ ዓመተ ምሕረት ከቤቱ ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። መቃብር የለው፣ የቆመለት ድንጋይ የለው። ዘውዴ ፎቶውን ሲያይ ሊያለቅስ ቃጣው።

"ከእንጨቱ ሥር ስማቸውን በነሐስ ሊጽፉላቸው ነው" አለች ብፅዓት፣ ደብተሯን እየገለጠች። "ስም እስከ አያት ቢነግሩኝ?"

እስከ አያት። ዘውዴን በዕድሜው ስም እስከ አያት የጠየቁት ቀበሌ፣ ፖሊስና መርማሪ ናቸው። ለቅሶው ወዲያው ደረቀ። የፀሐዬ ታናሽ ወንድም ዳኛቸው ከምርጫው በኋላ ታስሮ ያን ጊዜ ቃሊቲ ነበር። የአባቱና የአያቱ ስም ከአሜሪካ ጋር ተያይዞ አንዱ ፋይል ውስጥ ቢገባስ?

አባቷ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃት። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አለችው። አበቃ። ከዚህ ወዲያ መልአክ ወርዶ ቢመሰክርላት አያምናትም።

እሱ የሄደው ከእነሱ በኋላ እንደሆነ፣ ግን በዝና እንደሚያውቃቸው ነገራት። አንዱ ፀጋዘአብ ይመኑ ቦጋለ፣ ሌላው ዘርይሁን አስፋው ቸኮል። ሁለቱም ካናዳ በሰላም ይኖራሉ፣ አድራሻቸውን ግን አያውቅም። ልጅቷ ጽፋ ስታበቃ እንዳትሳሳት መልሳ አነበበችለት፤ እሱም ያልተወለዱትን ሰዎች እስከ አያታቸው አረመላት። ወደ ቤቱ ሲሄድ ሁለት አውቶቡስ ቀየረ። ዳኛቸውን ያዳነው እየመሰለው በራሱ ኮራ።

መጽሐፉ በዓመቱ ግድም አልአሚን ጋ ተቀምጦ ቆየው። ስለ ደወሉ ማማ በሚናገረው ገጽ ላይ የነሐሱ ጽሑፍ ፎቶ አለ፤ ፀጋዘአብና ዘርይሁን ያበራሉ። ዘውዴ ደስ አላለውም። መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

በሐምሌ እስረኞቹ በይቅርታ ሲለቀቁ ዳኛቸው ደወለለት። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ ብዙ አወሩ። በመጨረሻ ዳኛቸው እናቱ አንድ ነገር እንዳስቸገሩት ተናገረ።

"ፀሐዬ ያኔ ከአሜሪካ በላከላት ደብዳቤ፣ ስሜን የደወል ቤት እንጨት ላይ ጽፌልሻለሁ ብሏት ነበር። እስካሁን አለ ወይ ትላለች። ጋሼ፣ አንተ እዚያ ያሉትን ሰዎች ልትጠይቅልን ትችላለህ? ፎቶም ቢሆን ይበቃታል።"

ዘውዴ መሳቢያውን ስቦ መጽሐፉን አወጣ። ሊዋሽ አፉን ከፈተ፣ ግን እኚያን እናት ያውቃቸዋል፤ ከእጃቸው በልቷል። ስለ ልጅቷም፣ ስለ ደብተሯም፣ ስለ ነሐሱም አንድ ሳያስቀር ነገረው። የሌላ ሰው ስም እንደሰጠ፣ ልጃቸውንም ካናዳ በሕይወት አለ እንዳለ ነገረው።

"ለአንተ ፈርቼ ነው" አለ። "እዚያ እያለህ በእሱ ስም እንዳይመጡብህ።"

 

"ጋሼ" አለ ዳኛቸው ቀስ ብሎ፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ሲመረምሩኝ ያልጠየቁኝ ነገር የለም። ስለ ፀሐዬ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።"