ሚሽሚሽ ፆም ያዘ

ድመቱን ሚሽሚሽን ከኦምዱርማን ሰው ጭኖ የሚመጣ ሃፊላ፣ የሕዝብ አውቶቡስ፣ የገጨው በረመዳን ዋዜማ ነው። የተተረተረ ጭኑን ጎረቤታቸው የእንስሳት ሐኪሙ አብዱልወሃብ ሰፋለት። ዘኪያ ዓይኑን ሳይገልጥ ከካርቱሙ ሳጃና ሰፈር መንገድ አንስታ በጡጦ ያሳደገችው ናት። ከወሎ መጥታ ሐጃ ሉጥፊያ ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚያ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ውስጥ የኔ የምትለው ግን እሱን ብቻ ነው።

«ቁስሉ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ ወይ ምግብ እምቢ ካለ፣ ያላ፣ ውለሽ ሳታድሪ አምጪልኝ» አላት ሐኪሙ ጣቱን ቀስሮ።

ዘኪያ ቁስሉን ጠዋት ማታ ታያለች፣ ታሸታለች። ስፌቱ ደረቅ ነው፤ ደስ አላት።

ረመዳን ሲገባ ሚሽሚሽ ቀን ቀን ሳህኑ ጋ ዝር አልል አለ። ማታ ወተት ላስ ላስ አድርጎ ይተኛል።

«ማሻአላህ!» አለች ሐጃ ሉጥፊያ። «አንቺ ዘኪያ፣ ድመትሽ እኮ ፆመኛ ነው!»

ወሬው ሰፈራቸውን ካርቱም ሁለትን አዳረሰ። ጎረቤት ሴቶች ሊያዩት መጡ፤ አንዷማ ዱዓ አድርግልኝ ብላው ሄደች። ዘኪያ በኩራት ልትፈነዳ ደረሰች። ጭራሽ ቀን ምግብ ማቅረቡንም ተወችው፤ ፆመኛ ፊት ሳህን ማስቀመጥ ነውር ነው ብላ!

አንድ ቀን ለመግሪብ የተጠበሰ ዓሳ አዘጋጀችለት። አዛን ሲል እሷ ቴምሯን ጎረሰች። እሱ ዓሳውን አሸተተና ፊቱን አዞረ። ሚሽሚሽ፣ ያውም ከዓሳ! ጆሮውን ብትነካው ይፋጃል። ዘኪያ አፈፍ አድርጋ አቀፈችው።

«ፆም አይደለም! ታሞብኛል!»

የሰፈሩ ወንዶች እንደ ልማዳቸው መንገድ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው አብረው እያፈጠሩ ነበር። ዘኪያ እፍረቷን ጥላ መሀላቸው ገባችና ድመቱን አብዱልወሃብ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የፉሉ ሳህን ተገለበጠ።

«መብላት ካቆመ ቆየ?»

«ረመዳን ከተያዘ ጀምሮ። ፆም... ፆም መስሎን ነው፣ ዶክተር።»

ሰውዬው ይሳቅ ይቆጣ ግራ ገብቶት አፈጠጠባት። ከዚያ የድመቱን ቁስል ጫን ሲለው ሚሽሚሽ ጮኸ። ከላይ የዳነ የመሰለው ስፌት ከስር መግል ቋጥሯል። ሐኪሙ ኢፍጣሩን ትቶ ቤቱ ወሰደው፤ ከፈተለት፣ አጠበው፣ መርፌ ወጋው።

«ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ...» አላት እጁን እየታጠበ። ዘኪያ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ሰንበት ብሎ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር፣ ሚሽሚሽ እያነከሰ ወጥ ቤት መጣና ጮኸባት። ዓሳውን በእጇ እየፈለፈለች ሰጠችው፤ እያጉረመረመ ጨረሰው፣ ጣቶቿንም ላሳቸው። ከንፈሯ በጥማት ደርቋል፣ መግሪብም ገና ሩቅ ነው። ዘኪያ ግን ያን ቀን ጠግባ ዋለች።